በጥንታዊው የቻይና የነሐስ ገንዘብ ላይ ስለ ተቀረጸው ጽሕፈትና ስለ ዘመን ምልክቱ

ታሪክን የሚመረምር ሰው ከምድር ውስጥ የወጣ ገንዘብ ባገኘ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ይህ መቼ ተሠራ?» ብሎ ነው። ከዚያም ቀጥሎ፥ ብዙ ጊዜ ሳያስተውለው፥ «እዚህ መሬት ውስጥስ መቼ ገባ?» የሚለውን ሌላ ጥያቄ በዚያው በመጀመሪያው መልስ ይመልሰዋል። ሁለቱ ጥያቄዎች ግን አንድ አይደሉም። በመካከላቸውም አንዳንድ ጊዜ የጥቂት ዓመታት፥ አንዳንድ ጊዜም የብዙ መቶ ዓመታት ልዩነት ይገኛል።

ይህን ነገር በሚገባ ለመረዳት ከቻይና የነሐስ ገንዘብ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። በአገራችን የአክሱም ነገሥታት ያሠሩት ገንዘብ የንጉሡን መልክና ስም ይዞ ይገኛል እንጂ ዓመተ ምሕረት አልተጻፈበትም፤ ስለዚህ ሊቃውንት ዘመኑን የሚወስኑት ከጽሕፈቱ ዐይነት፥ ከክብደቱና አብሮት ከተገኘው ዕቃ ተነሥተው ነው። የቻይናው ግን በተቃራኒው የንጉሥ መልክ የለበትም፤ በፊደል ብቻ ይናገራል፤ በአንዳንድ ዘመንም የተሠራበትን ዓመት ሳይቀር ይገልጻል። በዚህ ጽሑፍ እነዚያ ፊደሎች ምን እንደሚሉ፥ የዘመን ምልክቶቹም እንዴት እንደሚቈጠሩ፥ በመጨረሻም ምን ያህል ሊታመኑ እንደሚገባ በአጭሩ እናስረዳለን። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

1. ስለ ቅርጹና ስለ አሠራሩ

ቻይናውያን ከነሐስ ገንዘብ አስቀድሞ የባሕር ዛጎልን ዋጋ ያለው ነገር አድርገው ይይዙት ነበር። ለዚህም ምስክሩ ፊደላቸው ነው፤ ሀብትን፥ ዕቃንና ንግድን የሚመለከቱ ብዙ ቃላት የሚጻፉባቸው ፊደሎች እስከ ዛሬ ድረስ የዛጎልን ምልክት በውስጣቸው ይዘዋል። በኋላ አገሪቱ በብዙ መንግሥታት ተከፋፍላ በነበረችበት ዘመን አንዳንዶቹ በአካፋ፥ አንዳንዶቹም በቢላዋ መልክ የተሠራ የነሐስ ገንዘብ ይገበያዩበት ነበር። በ221 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የቺን ንጉሥ መንግሥታቱን አሸንፎ አንድ ባደረጋቸው ጊዜ የራሱ አገር ገንዘብ፥ ይኸውም መካከሉ በአራት ማዕዘን የተበሳው ክብ ገንዘብ፥ በመላው አገር ጸና። ይህም ቅርጽ ከዚያ በኋላ ከ2000 ዓመት በላይ ሳይለወጥ ኖረ።

ክቡ የሰማይ፥ አራት ማዕዘኑ የምድር ምሳሌ ነው የሚል ትርጓሜ በኋላ ተሰጥቶታል። ለሠራተኛው ግን ቀዳዳው ሌላ ጥቅም ነበረው። የቻይና ገንዘብ እንደ አክሱም ገንዘብ በማኅተም ተመትቶ የሚሠራ አይደለም፤ ነሐሱ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ይፈስ ነበር እንጂ። ሶንግ ዪንግሺንግ የተባለው ጸሐፊ በ1637 ባሳተመው የእጅ ሥራዎች መጽሐፍ እንደ ገለጸው፥ «እናት» የሚባሉት አብነት ገንዘቦች በሣጥን በተጠቀጠቀ ጥሩ አፈር ላይ ይታተማሉ፤ ከዚያ በአሻራቸው ላይ የቀለጠው ነሐስ ይፈሳል፤ ሲበርድም ገንዘቦቹ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተያይዘው ይወጣሉ። ከተለያዩ በኋላ በአራት ማዕዘን ዘንግ ላይ ተሰክተው ጠርዛቸው ይሞረዳል። ቀዳዳው ክብ ቢሆን ኖሮ በሞረድ ጊዜ እየዞሩ ባስቸገሩ ነበር።

ይህን አሠራር የጠቀስነው ያለ ምክንያት አይደለም። በአፈር ቅርጽ የሚሠራ ገንዘብ ማንም ሰው አንዱን ገዝቶ በአፈር ላይ በማተም ሊያባዛው ይችላል። ስለዚህ በላዩ ያለው ጽሕፈት የጻፈውን መንግሥት ፈቃድ ብቻ ሳይሆን የገልባጩንም እጅ ሊያመለክት እንደሚችል ከመነሻው ማወቅ ያስፈልጋል።

2. ክብደትን የሚናገር ጽሕፈት

የቺን ገንዘብ ጽሕፈት ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ ከቀዳዳው በስተቀኝና በስተግራ «ባን ሊያንግ»፥ ማለት «ግማሽ ሊያንግ» ይላል። ሊያንግ የሚዛን ስም ሲሆን በ24 ጁ ይከፈላል፤ እንግዲህ ገንዘቡ 12 ጁ ይመዝናል ማለት ነው። ነገር ግን የቺን መንግሥት ወድቆ የሀን ነገሥታት ከተተኩ በኋላ ክብደቱ እየቀነሰ ሄደ። በ186 ቅ.ል.ክ. ወደ 8 ጁ፥ በ175 ቅ.ል.ክ. ወደ 4 ጁ ወረደ፤ በላዩ ያለው ጽሕፈት ግን ያው «ግማሽ ሊያንግ» እንዳለ ቀረ። ገበያተኛው 12 የሚል ጽሕፈት እያነበበ 4 ይቀበል ነበር።

ይህ ልዩነት የቀረው ንጉሥ ዉ በ118 ቅ.ል.ክ. «ዉ ጁ»፥ ማለት «አምስት ጁ» የሚል ገንዘብ እንዲሠራ ባዘዘ ጊዜ ነው። ሰዎች ጠርዙን እየፋቁ ነሐሱን እንዳይሰርቁ ዙሪያው በከንፈር ታጠረ፤ በ113 ቅ.ል.ክ. ደግሞ የመሥራቱ ሥልጣን ከአውራጃዎች ተወስዶ በዋና ከተማው አጠገብ ባለው በሻንግሊን ለቤተ መንግሥቱ ብቻ ሆነ። ጽሕፈቱና ክብደቱ ስለ ተስማሙ ሕዝቡ አመነው፤ ነገሥታት ቢለዋወጡም «አምስት ጁ» የሚለው ገንዘብ በልዩ ልዩ መንግሥታት እጅ እስከ 621 ድረስ ከ700 ዓመት በላይ ተሠራ። መታመኑ ግን ለእኛ ችግር አመጣ፤ የብዙ ነገሥታት ገንዘብ አንድ ዐይነት ጽሕፈት ስላለው ዘመኑን በጽሕፈቱ ብቻ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ፊደሉ የታጠፈበትን መንገድ፥ የከንፈሩን ስፋትና የቀዳዳውን ጠርዝ መመርመር ግድ ይሆናል።

3. ፊደልን የፈራው ንጉሥ

በቻይና የገንዘብ ጽሕፈት እንዲሁ የሚታለፍ ነገር አለመሆኑን የዋንግ ማንግ ታሪክ ያስረዳል። ይህ ሰው የሀን ነገሥታት እንደራሴ ሆኖ ሳለ በ7 ዓ.ም. የጥንቱን የቢላዋ ቅርጽ መልሶ፥ ፊደሎቹ በወርቅ የተሞሉ አንዱ በ5000 የሚቈጠር ገንዘብ አሠራ። በ9 ዓ.ም. ግን ዙፋኑን ለራሱ ከወሰደ በኋላ ያሠራውን ራሱ ሻረው። ምክንያቱ ይህ ነው፤ የወደቁት የሀን ነገሥታት የቤተሰብ ስም «ልዩ» ሲሆን፥ የሚጻፍበት ፊደል «ማዎ»፥ «ብረት» እና «ቢላዋ» ከሚሉት ከሦስት ምልክቶች የተሰናዳ ነው። ማዎ ወደ ኋላ እንደምንመለከተው ከ12ቱ የዘመን ምልክቶች አራተኛው ነው። ዋንግ ማንግም የብረት ቢላዋ በሕዝቡ እጅ ሲዘዋወር የተሻረው ቤተሰብ ስም አብሮ የሚዘዋወር መሰለው።

ይሁን እንጂ ከፊደል አላመለጠም። በ14 ዓ.ም. ያወጣው ገንዘብ «ኹዎ ቹዋን» የሚል ጽሕፈት ነበረው። «ቹዋን» የሚለው ፊደል ከላይ ወደ ታች ሲከፈል «ነጭ ውሃ» ተብሎ ይነበባል፤ «ኹዎ» ደግሞ ለሁለት ሲከፈል «እውነተኛ ሰው» የሚሉትን ፊደሎች ይመስላል። ዋንግ ማንግ በ23 ዓ.ም. ተገድሎ በ25 ዓ.ም. የሀንን መንግሥት መልሶ ያቋቋመው ልዩ ሺዩ «ነጭ ውሃ» ከሚባል ቀበሌ የተገኘ ስለ ነበረ፥ ሰዎች ገንዘቡ አስቀድሞ ትንቢት ተናግሮለት ነበር አሉ። ልዩ ሺዩም የጠላቱን ገንዘብ ወዲያው አልሻረውም፤ «አምስት ጁ» የተመለሰው በ40 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ «ኹዎ ቹዋን» የሚለው ገንዘብ ያሠራው ንጉሥ ከሞተ በኋላ 17 ዓመት ያህል ሠርቷል።

4. የዘመን ስም በገንዘብ ላይ

በ621 የታንግ መንግሥት መሥራች ክብደትን መጻፍ ትቶ «ካይዩዋን ቶንግባዎ» የሚል ባለ አራት ፊደል ገንዘብ አወጣ። ፊደሎቹን የጻፈው ኦውያንግ ሹን የተባለው ስመ ጥር ጸሐፊ ነው። ሲነበብ ከላይ፥ ከታች፥ ከቀኝ፥ ከግራ ነው፤ «ቶንግባዎ» ማለት «ተዘዋዋሪ ሀብት» ነው። አሥሩ ተደምሮ አንድ ሊያንግ ይመዝን ስለ ነበረ፥ ቀድሞ ገንዘብ ስሙን ከሚዛን ይወስድ እንዳልነበረ አሁን ሚዛኑ ስሙን ከገንዘቡ ወሰደ፤ የሊያንግ አንድ አሥረኛ «ቺየን» ማለት «ገንዘብ» ተባለ።

እዚህ ላይ ለጀማሪ የተዘረጋ አንድ ወጥመድ አለ። ከ713 እስከ 741 የነበረው የንጉሥ ሹዋንዞንግ ዘመንም «ካይዩዋን» ይባላል። ስለዚህ ገንዘቡን አይቶ «ይህ የሹዋንዞንግ ነው» ማለት ቀላል ነው፤ ግን ስሕተት ነው። በ621 ገንዘብ ላይ ቃሉ «አዲስ መጀመሪያ» ለማለት የገባ እንጂ የዘመን ስም አልነበረም። ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ተረትም አለ፤ በጀርባው ላይ የሚታየው የጨረቃ ቅርጽ ያለው ጭረት ያንግ ጉዌፌ የተባለችው እመቤት በሰም አብነቱ ላይ ያሳረፈችው የጥፍር ምልክት ነው ይባላል። እመቤቲቱ ግን የተወለደችው በ719 ነውና ነገሩ ሊሆን አይችልም።

የዘመን ስም ማለት ምን እንደ ሆነ መግለጽ ያስፈልጋል። ከሀን ንጉሥ ከዉ ጀምሮ የቻይና ነገሥታት ለዘመናቸው በጎ ትርጉም ያለው ስም ያወጡ ነበር፤ ዓመቱም «የዚህ ስም አንደኛ ዓመት፥ ሁለተኛ ዓመት» እየተባለ ይቈጠራል። አንድ ንጉሥ ስሙን ብዙ ጊዜ ሊለውጥ ይችላል። የዘመን ስም መጀመሪያ በገንዘብ ላይ የተጻፈው ከ338 እስከ 343 በሲቹዋን በነገሠው በሊ ሾው ጊዜ ነው፤ ገንዘቡም «ሀን ሺንግ» ይባላል። ደንብ ሆኖ የጸናው ግን በሶንግ ነገሥታት፥ ከ976 በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ስም በተለወጠ ቍጥር ገንዘቡም አብሮ ይለወጥ ጀመር። ንጉሥ ታይዞንግ ከ990 ጀምሮ ለ«ቹንኋ» ዘመን ገንዘብ በሦስት ዐይነት አጻጻፍ በገዛ እጁ ጻፈ፤ ንጉሥ ኹይዞንግም ከ1107 እስከ 1110 ለነበረው ለ«ዳጓን» ዘመን ቀጭን በሆነው የራሱ አጻጻፍ ጻፈ። በንጉሥ ራስ ምስል ፈንታ የንጉሡ የእጅ ጽሕፈት በየገበያው ይታይ ነበር ማለት ነው።

የዘመኑ ስም በገንዘብ ላይ የሚቀርበትም ምክንያት አለ። ስሙ ራሱ «ባዎ»፥ ማለት «ሀብት» የሚል ፊደል ካለበት፥ በገንዘቡ መጨረሻ ካለው «ባዎ» ጋር ሁለት ጊዜ ይደገማል። ስለዚህ በ«ባዎቺንግ» ዘመን፥ ከ1225 እስከ 1227፥ ገንዘቡ በዘመኑ ስም ፈንታ «ዳ ሶንግ ዩዋንባዎ»፥ ማለት «የታላቁ ሶንግ ቀዳሚ ሀብት» ተባለ።

5. በጀርባው ላይ የተጻፈ የዓመት ቍጥር

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ የተጀመረው በ1180 ነው። የደቡብ ሶንግ መንግሥት በዚያ ዓመት በገንዘቡ ጀርባ ላይ የዘመኑን ዓመት በቍጥር ማስቀረጽ ጀመረ። «ቹንሺ» የሚባለው ዘመን የተጀመረው በ1174 ነበርና 1180 ሰባተኛው ዓመት ነው፤ በገንዘቡም ጀርባ «ሰባት» የሚል ፊደል ይገኛል። አቆጣጠሩ ቀላል ነው፤ ዘመኑ በጀመረበት ዓመት ላይ የጀርባውን ቍጥር ደምሮ አንድ መቀነስ ነው። አንዱ የሚቀነሰው የመጀመሪያው ዓመት ራሱ «አንድ» ተብሎ ስለሚቈጠር ነው። ለምሳሌ «ጂያዲንግ» በ1208 ተጀመረ፤ ጀርባው 17 ቢል 1208 ሲደመር 17 ሲቀነስ 1፥ 1224 ይሆናል። ይህ ልማድ «ሺየንቹን» እስከሚባለው ዘመን ድረስ ዘጠና ዓመት ያህል ቈየ። በዓለም ታሪክ በዚያን ጊዜ እንዲህ ዓመት በዓመት ተቈጥሮ የሚገኝ ተራ የገበያ ገንዘብ ብዙ አይደለም።

6. የ12ቱ ዐውድ

በሌሎች መንግሥታት ደግሞ ዓመቱ በቍጥር ሳይሆን በዐውድ ምልክት ይጻፋል። ቻይናውያን «ምድራዊ ቅርንጫፎች» የሚሏቸው 12 ፊደሎች አሉ፤ ለእያንዳንዱም አንድ እንስሳ ተሰጥቶታል። ይኸውም ዝ አይጥ፥ ቾው በሬ፥ ዪን የእስያ ነብር፥ ማዎ ጥንቸል፥ ቸን ዘንዶ፥ ስ እባብ፥ ዉ ፈረስ፥ ዌይ በግ፥ ሸን ጦጣ፥ ዮው ዶሮ፥ ሹ ውሻ፥ ሃይ እሪያ ነው። እነዚህ ከሌሎች 10 «ሰማያዊ ግንዶች» ጋር እየተጣመሩ የ60 ዐውድ ይሠራሉ። ጥምረቱ 120 ያልሆነበት ምክንያት ሁለቱ ተራዎች እኩል አንድ አንድ እየተራመዱ ስለሚሄዱ በ60ኛው ተመልሰው ከመነሻቸው ስለሚገናኙ ነው። የሻንግ ነገሥታት በአጥንት ላይ ባስጻፉት የጥንቆላ ጽሕፈት ይህ ዐውድ ለቀን መቍጠሪያ ሲያገለግል ይታያል፤ ለዓመት መቍጠሪያ የዋለው በሀን ዘመን ነው።

ባሕረ ሐሳብ የተማረ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። እኛ ዓመተ ዓለሙን ለ4 ገድፈን ተረፉ 1 ሲሆን ማቴዎስ፥ 2 ሲሆን ማርቆስ፥ 3 ሲሆን ሉቃስ፥ ያለ ተረፍ ሲሆን ዮሐንስ እንደምንል፥ በቻይናው ደግሞ ከዓመቱ 4 ቀንሰን ለ12 እንገድፋለን። ተረፉ 0 ከሆነ አይጥ፥ 1 በሬ፥ 2 ነብር እያለ ይሄዳል። አዲሱ ዓመታቸው የሚገባው በጥር መጨረሻ ወይም በየካቲት ስለ ሆነ፥ ከዚያ በፊት ያሉት ቀኖች የቀድሞው ዓመት ክፍል መሆናቸው መታሰብ አለበት።

ዐውድ ግን ይመለሳልና ብቻውን ዓመትን አይወስንም። «ዘመነ ማርቆስ ነበር» ያለን ሰው የየትኛው ንጉሥ ማርቆስ እንደ ሆነ ካልነገረን ምንም አልነገረንም። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በሰሜን ቻይና የነገሡት የጂን ነገሥታት «ዳዲንግ ቶንግባዎ» የሚል ገንዘብ አላቸው፤ በአንዳንዶቹ ጀርባ «ሸን»፥ በሌሎቹም «ዮው» የሚል ይገኛል። የዳዲንግ ዘመን ከ1161 እስከ 1189 ነው። በዚህ ውስጥ የጦጣ ዓመት ሦስት ጊዜ፥ በ1164፥ በ1176 እና በ1188 ይመጣል። ከታሪክ መጽሐፋቸው ግን ገንዘቡ መሠራት የጀመረው በ1178 መሆኑ ይታወቃል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይወድቁና 1188 ብቻ ይቀራል፤ ቀጥሎ ያለው «ዮው» ደግሞ 1189 ነው። ምልክቱ፥ የዘመኑ ስምና የተጻፈው ታሪክ ሦስቱ ተጋግዘው አንድ ዓመት ሰጡን።

በሞንጎሎች በዩዋን መንግሥት ጊዜም «ጅጀንግ ቶንግባዎ» በሚለው ገንዘብ ጀርባ ዪን፥ ማዎ፥ ቸን፥ ስ፥ ዉ የሚሉት አምስት ምልክቶች ይገኛሉ። የተጻፉት ግን በቻይና ፊደል አይደለም፤ ኩብላይ በ1269 ለግዛቱ ባወጀው በፋግስፓ ፊደል ነው። ሥራው የተጀመረው በ1350 ነበር። 1350 ላይ 4 ሲቀነስ 1346፤ ይህም ለ12 ሲገደፍ ተረፉ 2፥ ማለት ነብር፥ ዪን ነው። እንግዲህ አምስቱ ምልክቶች ከ1350 እስከ 1354 ያሉትን አምስት ዓመታት ተከታትለው ያሳያሉ።

7. የዘመን ምልክት ያለበት ሁሉ ገንዘብ አይደለም

በገንዘብ መልክ ተሠርተው በላያቸው 12ቱ እንስሶች ከነፊደላቸው በዙሪያ የተቀረጹባቸው፥ ወይም ሰባቱ ከዋክብት፥ ሰይፍ፥ ኤሊና እባብ ያሉባቸው ብዙ ነሐሶች ይገኛሉ። እነዚህ ለገበያ የተሠሩ አይደሉም፤ እንደ ክታብ በአንገት ወይም በወገብ የሚያዙ፥ ከክፉ ነገር ይጠብቃሉ ተብለው የሚታመኑ ናቸው። በእነርሱ ላይ ያለው የጥንቸል ምልክት ነሐሱ በጥንቸል ዓመት ተሠራ ማለት አይደለም። ዓመት የሚናገረው ምልክት ከመንግሥት ገንዘብ ስም ጋር ብቻውን በጀርባ የቆመው ነው።

8. ገንዘቡ ምን ያስረዳል፥ ምንስ አያስረዳም?

ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። በ1080 የሶንግ መንግሥት በአንድ ዓመት ብቻ፥ አንዱ እስር በስም 1000 የሚቈጠር፥ ከ5 ሚሊዮን እስር በላይ የነሐስ ገንዘብ አሠርቷል። ይህን የሚያህል ብዛት መንግሥቱ በ1279 ሲወድቅ አብሮ አልጠፋም፤ በቻይናም በጃፓንም ብዙ ዘመን ሲገበያዩበት ኖረዋል። በኮሪያ ጠረፍ በሲናን አጠገብ ሰምጦ የተገኘው መርከብ ጥሩ ማስረጃ ነው። በጭነቱ ላይ ታስረው ከተገኙት የእንጨት ምልክቶች መርከቡ በ1323 መነሣቱ ታውቋል፤ 28 ቶን ያህል የቻይና ገንዘብም ተጭኖበት ነበር። አብዛኛው ግን የሶንግ ገንዘብ ነው። የእንጨቱ ምልክት ባይገኝና ጥቂት ገንዘብ ብቻ ቢወጣ ኖሮ፥ መርከቡን ሁለት መቶ ዓመት አስቀድመን ባሰመጥነው ነበር።

ከዚህም የከፋ አለ። በጃፓን በናጋሳኪ ከ1659 ጀምሮ ለውጭ ንግድ የሚሆን ገንዘብ ሲሠራ፥ በላዩ የተጻፈው ከ1078 እስከ 1085 የነበረው የሶንግ ዘመን ስም «ዩዋንፈንግ» ነው። ጽሕፈቱ ቻይናዊ፥ ሠራተኛው ጃፓናዊ፥ ልዩነቱም ወደ ስድስት መቶ ዓመት ይጠጋል።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1945 በዛንዚባር በካጄንግዋ የተቀበረ የቻይና ገንዘብ ተገኝቷል፤ አብዛኛው የሶንግ ነው። በ2013 ደግሞ በኬንያ ጠረፍ በማንዳ ደሴት «ዮንግለ ቶንግባዎ» የሚል፥ ከ1403 እስከ 1424 በነበረው ዘመን የተሠራ ገንዘብ መገኘቱ ተገልጿል። ይህን ያነበበ ሰው ወዲያው ዤንግ ኸ ከ1405 እስከ 1433 መርከቦቹን እየመራ ያደረገውን ጉዞ ያስባል። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የዮንግለ ገንዘብ በ16ኛው መቶ ዓመት እንኳ በጃፓን የታወቀ መገበያያ ነበርና፥ ነጋዴ ከእጅ ወደ እጅ አሳልፎ ቈይቶ ያመጣው ሊሆንም ይችላል። ገንዘቡ በርግጥ የሚመሰክረው ከ1403 በፊት እዚያ እንዳልደረሰ ነው። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ቈይቶ ደረሰ የሚለውን የሚመልሰው አብሮት የተገኘው ሸክላና የአፈሩ ድርብርብ ነው።

የምሥራቅ አፍሪካ የባሕር ንግድ ታሪክ ገና በመጻፍ ላይ ያለ ታሪክ ነው፤ በአገራችንም የሚቈፈረው ቦታ ብዙ ነው። ስለዚህ ከላይ የተመለከትነውን በሦስት ነጥብ ብናጠቃልለው ለሥራ ይጠቅማል ብለን እናምናለን። አንደኛ፥ ጽሕፈቱ ክብደት፥ የዘመን ስም ወይስ መልካም ምኞት መሆኑን አስቀድሞ መለየት ይገባል። ሁለተኛ፥ የዐውድ ምልክት ያለ ዘመን ስም ዓመትን አይወስንምና ሁለቱን አስተባብሮ መቍጠር ያስፈልጋል። ሦስተኛ፥ ዓመቱ በትክክል ከታወቀ በኋላ እንኳ፥ ያ ዓመት የመጀመሪያው ወሰን እንጂ የመጨረሻው አለመሆኑን መርሳት አይገባም። ገንዘብ የተወለደበትን ቀን ይናገራል፤ የተቀበረበትን ቀን ግን ከመቃብሩ እንጂ ከእርሱ አንጠይቅም።